ያሸበትኩት ካብ

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ቀን ሳይጽፉ አይጀምሩ ትላለች ፊደል የምታስተምረኝ መምህር። ይኸው ጽፌአለሁ።

ዛሬ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ደጄ ላይ ቆሞ ሥራዬን አመሰገነ። አፍ ከፈታ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «እትዬ፣ ያ አዲሱ ካብ ዓይን ይወጋል፤ እስር ቤት ነው የሚመስለው። አንቺ የነካሽው ድንጋይ ሁሉ ይሸብት የለ? እስቲ እሱንም አሸብቺልኝ» አለ።

«የራሴ ሽበት አልበቃህም?» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሲሄድ ብዙ ጊዜ እንዳልሳቅሁ አስታወስኩ።

መምህሯ የሚያውቁትን ይጻፉ ስላለች የማውቀውን ልጻፍ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ድንጋይ ማስረጀት። ሽበት የምለው ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ነው፤ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አረንጓዴና ለስላሳ፣ ጥላና እርጥበት የሚወድ። ሌላው ግራጫ፣ እንደ ቅርፊት ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ፣ ፀሐይ የማይፈራ። ሁለቱንም በማሰሮ፣ በድንጋይ ጎድጓዳ፣ በአትክልት ቦታ አግዳሚ ላይ አበቅላለሁ። የምኖረው በዚሁ ነው።

ግቢያችን የአባታችን ነው። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የወንድሜ። ድንበሩ ከሦስቱ ዛፎች ወዲያ ነበር። ዛፎቹና የአባቴ የድንጋይ ገንዳ በእኔ በኩል ነበሩ፤ ሥራዬ ሁሉ እዚያ ጥላ ሥር ነው። ባለፈው የካቲት ካብ ሲያሠራ «የዛፎቹ ሥር መሠረት አላስቆፍር አለ፤ ለጊዜው አራት እርምጃ ወደ አንቺ ገባ ይበል። መተላለፊያ እተውልሻለሁ። ዛፎቹ ሲቆረጡ እናስተካክለዋለን» አለኝ። እሺ አልኩ። አሁን ዛፎቹና ገንዳው ከካቡ ማዶ ናቸው። ማዶ ይሁኑ እንጂ የኔው ናቸው።

ወንድሜ ማንበብና መጻፍ እንደተማርኩ አያውቅም። አንዲት እኩያዬ ትምህርት ጀመረች ሲባል ሰምቶ «ጥርሷ ካለቀ ሥጋ ገዛች» ብሎ ቀልዶባት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነበር። አብሬው ሳቅሁባት።

መምህሯ በየሳምንቱ መጨረሻ ከገጹ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ ቀን ጽፋ ትፈርማለች። አታነበውም። «የእርስዎ ነው፤ እኔ መጻፍዎን ብቻ ነው የማየው» ትላለች።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ካቡን በአቼቶና በውሃ አጠብኩት። አዲስ ሲሚንቶ ያቃጥላል፤ ካልታጠበ ምንም አይዝም። ወገቤ!

የወንድሜ ሚስት አንድ ማሰሮ እርጎ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ለርስዎ ያልሆነ ለማን ይሆናል?» አለች። አፈ ቅቤ ነው የምላት በልቤ። የቀረውን የተረቱን ግማሽ ግን ለእሷ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ደግሞ እርጎ አምጥታ እንዴት እላለሁ።

የሽበቱን ዘር ከአባቴ ገንዳ ወሰድኩ። አንዱን ጎኑን ስገልጠው የተሸለተ በግ መሰለ። አባባ ይቅር በለኝ፤ ለልጅህ ነው።

በአንድ እንግዳ ማረፊያ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ይህን ያስተማሩኝ ሽማግሌው አትክልተኛ «ድንጋይ ይባባላል እንጂ አይታዘዝም። የቸኮለ ቀለም ይቀባ» ይሉ ነበር። ሳይዋሹ ኖረው ሞቱ። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ለአበባ ሻጩ ሁለት ጎድጓዳ ስሸጥለት «ስንት ዓመታቸው ነው?» አለኝ፤ «አያቴ ትታጠብባቸው ነበር» አልኩት። አያቴን አላየኋትም። የጎድጓዳዎቹ ዕድሜ ሁለት ክረምት ነው። ይህን የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው።

ሰኔ 1፣ እሑድ

የመጀመሪያው ቅብ። እርጎ፣ በእጅ የታሸ አረንጓዴ ሽበት፣ የዝናብ ውሃ፤ እንደ ቀጭን ሊጥ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ መድኃኒት አለበት። በሰፊ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ስንጥቅ ስንጥቁን እየመረጥኩ።

ጎረቤታችን ሬዲዮ በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ሬዲዮ ያልነው ስለማይዘጋ ነው።

«ምነው፣ ካቡን ቁርስ ታበዪዋለሽ?»

«አንተን ከማበላ ይሻላል። ካብ በልቶ አያወራም።»

«ወንድምሽስ? እሱ ምን ይሠራል አንቺ እንዲህ ስትጨማለቂ?»

«እሱ ጸሐፊ ነው። እጁ እንዲህ ያለ ሥራ አያውቅም።»

«እንግዲህ እባብ ለእባብ ይተያያሉ ካብ ለካብ» ብሎ ገባ። ምን ለማለት እንደሆነ እንጃ። ከወንድሜ ጋር በውሻ ምክንያት ከተጣሉ አራት ዓመታቸው ነው።

ሰኔ 5

ዝናብ። ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። የእርጎ ጅረት በግቢው። እንደገና።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ሁለተኛው ቅብ። አሁን ጆንያ አልብሼዋለሁ።

ከሰዓት ወንድሜ ወረቀት ይዞ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እዚያ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው! ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብልኝ እሱ ነው፤ ከድሮም። «የመሬት ለኪዎች ክረምቱ ሲያልቅ ይመጣሉ፣ ሰው ቤቱ ይገኝ፣ ይላል። በቃ ይኸው ነው» አለ። ሁለት ገጽ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ግጥም ያለ። ረጅም ወረቀት፣ አጭር ነገር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲያ ነው፤ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይፈጃል።

ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣ። «ደብዳቤው እንደ ደረሰሽ አውራ ጣትሽን አኑሪ» አለና የቀለሙን ክዳን ራሱ ከፈተልኝ።

መፈረም እችላለሁ። ስሜን እስክሪብቶውን ሳላነሳ በአንድ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ግን ድንገት «ስጠኝ ልፈርም» ብለው ደስታው ይቅርና ያፍርብኛል መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያነበበልኝን ልጅ ሥራ የምነጥቀው መሰለኝ። ወረቀቱ በአፍንጫዬ ሥር ነበር። ማንበብም እችል ነበር። እሱን እያየሁ ጣቴን ሰጠሁት። ጣቴን በራሱ መሐረብ ጠረገልኝ። መሐረቡ ተበላሸ።

ሰኔ 17

አረንጓዴ! እንደ አቧራ ነው፤ ግን አረንጓዴ ነው። በሰሜኑ ጎን፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ።

ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይሄድ ያየዋል። «ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ይደርሳል?» ይላል። «ሽል ነው እንዴ ቀን የሚቆረጥለት?» አልኩት። ሥራዬን እንዲህ የሚጠባበቅ ሰው ኖሮኝ አያውቅም።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ግራጫውን ጀመርኩ። ይኼኛው አይቀባም፤ ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ከአሮጌ ድንጋይ አንስቶ፣ በእንቁላል ነጭ ለጥፎ፣ መጸለይ ነው። ከአሥር ሁለት ቢይዝ ጎበዝ። ወንድሜ ከፈረሰው የከብት ቤት አሮጌ ድንጋዮች አስመጥቶ ካቡ አናት ላይ አስደረደረ። «ሽበቱ እንደ አባባ ገንዳ ይሁን፤ ሰው ሲያየው በአባባ ጊዜ የነበረ ይምሰል» አለ።

«ምነው አባባ ድንገት ናፈቀህ?»

«ሰው አባቱን አይናፍቅም?» አለ። ዓይኔ ውሃ አቀረረ፤ ሞኝ።

ካቡ ሥር ጎንበስ ብዬ ስለጥፍ ከማዶ አፈ ቅቤ «እስከዚያ ምንም አትንገራት። ቀድማ ካወቀች ይበላሻል» ስትል ሰማሁ። እሱ «አብደሻል? ምን ብዬ እነግራታለሁ» አላት። አንድ ነገር ሊያደርጉልኝ ነው። የማብሰያ ቤቴ ጣሪያ እንደሚያፈስ እሱ ያውቃል። ቆርቆሮ ይሆናል። አልሰማሁም እላለሁ፤ ደስታቸውን አላበላሽም።

ሐምሌ 2

ጣሪያው ዛሬም አፈሰሰ። ሁለት ባልዲ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ፤ ሥራ የለም። ልጻፍ።

እናታችን ስትሞት እሱ ገና ይድህ ነበር። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ። አባባ «አንዳችሁ ትማራላችሁ፣ አንዳችሁ ቤት ትይዛላችሁ» አለ። ማን ማንን እንደሚሆን አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እኔ ውሃ ስቀዳ እሱ ፊደል ቆጠረ። ማታ ደብተሩን ሲዘረጋ ኩራዙን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሀ ምን እንደምትመስል ያኔ አየኋት፤ ግን ከኩራዙ በኩል ሆኜ፣ ተገልብጣ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ መምህሯ ሰሌዳ ላይ ስትጽፋት «ይቺ ቀና ብላለች» አልኳት። ልጅቱ ግራ ተጋባች።

አልቆጭም። ብቆጭ እጽፈው ነበር።

ሐምሌ 15

ትኩሳት። አልጋ ላይ አራተኛ ቀኔ። በመስኮት ወንድሜን አያለሁ፤ ሁለት ቀን ዝናብ ስለጠፋ ካቡን በመርጫ ያጠጣል። የዝናብ ውሃ ከኔ በርሜል። ጠዋት አጠጣ። ማታም አጠጣ። እጁ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሆንም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

እኔ ቤት ግን አልገባም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

ለራሴ ውሃ የቀዳሁት ግድግዳ ይዤ ነው።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

መተላለፊያው ተዘግቷል! እኔ ታምሜ ሳለ በድንጋይ ደፍነውታል። ያውም በአሮጌ ድንጋይ፤ እኔ የለጠፍኩትን ቅርፊት በያዙት። «ውሻው እየገባ ነው፤ ለጊዜው ነው» አለች አፈ ቅቤ። ወደ ገንዳዬ ለመድረስ በዋናው መንገድ ዞሬ፣ በነሱ በር አንኳኩቼ መግባት አለብኝ። ዛሬ አንኳኳሁ፤ አልከፈቱም። ቡቃያዎቼ እዚያ ናቸው።

ሬዲዮ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

«እኔን አታምኚኝም። ግን ባለፈው እሑድ አንድ ሰው ካቡን ፎቶ ሊያነሳ ሲመጣ ወንድምሽ ምን ሲለው እንደሰማሁ ታውቂያለሽ? ‹ይህን ካብ ያቆመው አባታችን ነው› ነው ያለው። እኔ በየካቲት እዚህ ቆሜ ግንበኛውን ‹ድንጋዩ ጠማማ ነው› ብዬው ሰድቦኝ የለ!»

«አንተ ከውሻው ጀምሮ ስሙን ማጥፋት ትወዳለህ። ውሸታም!» አልኩት።

አንገቱን ከአጥሩ መልሶ ገባ። እሱም ከሬዲዮነት ሲወጣ ያስፈራል።

ሐምሌ 24

ሬዲዮ ይዋሻል። ሬዲዮ ይዋሻል። ረጅም ወረቀት፣ አጭር ነገር።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

የመሬት መዝገብ ቤት ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ማስታወቂያው ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል፤ ሁለት ገጽ ነው። ቆሜ አነበብኩት። እግሬ እስኪደነዝዝ። ሰዎች ከኋላዬ መጥተው አንብበው ሄዱ፤ እኔ አንድ መስመር ላይ ነበርኩ። እንዲህ ይላል፦ ባለይዞታዎች ድንበራቸውን ራሳቸው ያሳያሉ። ከሃያ ዓመት በላይ የቆመ ካብ ወይም ግንብ ካለ ድንበሩ እሱ ይሆናል። ቅሬታ ያለው እስከ ነሐሴ 20 ከነማስረጃው ያቅርብ።

እሱ ይህን ሁሉ አላነበበልኝም። ሰው ቤቱ ይገኝ ነው ያለኝ።

መስኮቱ ጋ ያለው ጸሐፊ ትሑት ነው። መዝገቡን አወጣ። «እማማ፣ ይህ አውራ ጣት የርስዎ ነው?»

ወረቀቱን ወደኔ ሳብኩት። አነበብኩ። እኔ፣ የአባቴ የበኩር ልጅ፣ በግቢያችን መካከል ያለው ካብ በወላጅ አባታችን ዘመን የተሠራና ከዚያ ወዲህ ድንበራችን ሆኖ የኖረ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

«ነው» አልኩ።

«የሚያነብልዎት ሰው አልነበረም?»

«ነበረ። ያነበበልኝ ወንድሜ ነው።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከወረቀቱ ጋር ፎቶ ተያይዟል። ካቡ ነው፤ ጆንያው ተገፎ፣ በጠዋት ብርሃን። ከታች ለምልሟል፤ አናቱ ላይ ግራጫው ይዟል። ከአሥር አምስት ይዞልኛል። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት «እንዴት አምሮበታል!» የሚል ነበር።

ሐምሌ 27

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። እኔ ደግሞ መጥረቢያውን ስዬ ሰጠሁ። እርጎውን እንኳ የሚስቱን ተቀበልኩ።

ቆርቆሮ! ቆርቆሮ ይገዙልኛል ብዬ!

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ዞሬ፣ እንደ እንግዳ አንኳኩቼ። ምሳ ላይ ነበሩ። አፈ ቅቤ «ውይ እትዬ፣ ይቀመጡ» አለች። አልተቀመጥኩም።

«ያ ወረቀት ምን ይላል?»

«የቱ ወረቀት?»

«ጣቴን ያኖርኩበት።»

ማንኪያውን አላስቀመጠም። «ደብዳቤው እንደ ደረሰሽ ነዋ። ነግሬሽ የለ እንዴ?»

«ካቡን የሠራው አባባ ነው ይላል።»

ያን ጊዜ አስቀመጠ። «ማን አነበበልሽ? ያ ሬዲዮ ነው?»

ራሴ ነኝ ልለው አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። «አንባቢ አይጠፋም» አልኩ።

ሚስቱን አየ፤ እሷ ሳህኗን አየች። ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። ሲለማመጠኝ ልጅ ሳለ ያወጣው የነበረው ድምፅ ነው። «እትዬ፣ በረጋ መንፈስ ስሚኝ። ልጅ የለሽም። ነገ አንድ ነገር ብትሆኚ መሬቱ ወዴት ይሄዳል? ወደኔ። ዛሬ ሆነ ነገ ምን ለውጥ አለው? አራት ክፍል ልሠራበት ነው። አንዱ ያንቺ ነው፤ ጣሪያው የማያፈስ።»

«አልሞትኩም እኮ!»

«እግዜር ያኑርሽ። አላልኩም።»

«ሥራዬስ? ጥላው፣ ገንዳው?»

«የትኛው ሥራ? ድንጋይ እርጎ መቀባት?» አለ። ይህን ሲል አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ የሚያውቀውን የሚናገር ነበር የሚመስለው። ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ። እኔ ነኝ ያሸበትኩት፣ ስድስት ወሩ ነው እላለሁ።»

«ሂጂ። መጀመሪያ ይስቁብሻል። ካመኑሽ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ካንቺ ጎድጓዳ የሚገዛ ሰው ንገሪኝ። ‹አያቴ ትታጠብበት ነበር› የምትያቸውን እኔ አልሰማሁም መሰለሽ? ቃልሽን ከጣትሽ ጋር ቢያስተያዩት የሚያምኑት ጣትሽን ነው።»

አፈ ቅቤ «አንድ ጊዜ እንኳ ይቅመሱ እትዬ፣ ይቀዘቅዛል» አለች።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። በርግጥ ይኼኛውን ፈረስ በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 4

ጎህ ሲቀድ አንድ ጠርሙስ ያልተቀየጠ አቼቶ ይዤ ወጣሁ። በሁለት ቀን ሙልጭ አድርጎ ይገድለዋል። በእኔ በኩል ያለውን የካቡን ጎን ቆሜ አየሁት። ጠል ይዟል። በስንጥቁ መሐል አንዲት ሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቡቃያ በቅላለች፤ እኔ የዘራኋት አይደለችም፤ እሷ ራሷ መጣች። ድንጋዩ እሺ ብሏል ማለት ነው።

ጠርሙሱን ይዤ ተመለስኩ። ካቡ ምን አጠፋ?

ነሐሴ 9

ለመምህሯ ነገርኳት። ለማንም መንገሬ አልነበረም፤ ግን «ምን ሆነዋል፣ ፊደልዎ ሁሉ ተንጋደደ» ስትለኝ ፈሰሰ።

«ምስክር የለዎትም?»

«አንድ አለ። ሬዲዮ።» ሬዲዮን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «ተቀብለናል፣ ስርጭቱ ይቀጥላል» አለኝ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ግን ከከሳሹ ጋር ወይም ከተከሳሹ ጋር ጠበኛ የሆነ ሰው ቃል ብቻውን አይበቃም ብሎኛል።

መምህሯ ደብተሬን አየችው። እኔም አየሁት።

ከዚያ «ከግንቦት ጀምሮ አይደል የጻፉት? የኔ ቀይ ፊርማስ በየሳምንቱ አለበት አይደል?» አለች።

ብሩሹ። ዝናቡ። እርጎው። ቅርፊቱ። ሁሉም ከነቀኑ።

«ቀን ሳይጽፉ አይጀምሩ ብዬዎት ነበር» ብላ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ነሐሴ 13

ጸሐፊውን ጠየቅሁት። ደብተር ይቀበላሉ። ግን ሙሉውን፤ ገጽ የተቀደደበት፣ የተሰረዘበት አይሆንም። ይቆጥሩታል። ተቃራኒው ወገንም ያነበዋል። ካስፈለገ በሰው ፊት ይነበባል።

ቤት ተመልሼ ከመጀመሪያው አነበብኩት። ለካ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ! አፈ ቅቤ አለ። ሬዲዮ ውሸታም አለ። ስለ መሐረቡ አለ። ቆርቆሮውን ስጠብቅ አለሁ። የአያቴ ጎድጓዳ አለ፤ አበባ ሻጩ የመዝገብ ቤቱ ደጅ ላይ ነው የሚሸጠው፤ እስከ ምሳ ይደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ከእኔ አንድም አይገዛም። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። መሬቴን ላስመልስ ሥራዬን ልስጥ? ሥራዬን ላድን መሬቴን ልተው? መሬቱ ከሌለ ደግሞ ሥራውስ የት አለ?

የግንቦት 29ን ገጽ በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ትንሽ ተቀደደ፤ ከላይ፣ የጥፍር ያህል። ለቀቅሁት።

ለሚያነበው፦ ያቺ ቅዳጅ የኔ ናት። ፈርቼ ነው።

ነሐሴ 17

ሦስት ቀን ፀሐይ ወጣ። ወንድሜ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ቆመ። አንድ ጥቅል ቆርቆሮ አስጭኖ መጥቷል።

«ጣሪያሽ አሳስቦኝ ነው» አለ።

«ከሐምሌ ወዲህ ያሳሰበህ ነው ወይስ ከትናንት?»

«እትዬ በናትሽ። ለኪዎቹ ሰኞ ሳምንት ይመጣሉ። ካቡ ባንቺ በኩል ደረቅ ብሏል፤ ቡኒ እየሆነ ነው። እኔ ሳጠጣው አይሆንም፣ አንቺ ስታጠጪው ነው የሚያምረው። እኅትና ወንድም ነን።»

ፊቴን አዞርኩበት። ሲሄድ ግን መርጫዬን አነሳሁና አጠጣሁት። እጄ ነው የሄደው። የተጠማ ነገር እያየሁ ማለፍ አላውቅም፤ የደረሰብኝም ሁሉ ከዚሁ ነው። ካቡ ውሃውን ሲጠጣ ይሰማል። ጆሮ ለሚያስጠጋ።

ቆርቆሮውን አልነካሁትም። አጥሩ ጥግ ተደግፏል። ይውሰደው።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

መዝገብ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። መስኮቱ አልተከፈተም። ሬዲዮ አብሮኝ መጥቷል፤ ከቤት እስከዚህ አንድ ቃል አልተናገረም። «ባትሪ ጨርሰህ ነው?» ብለው «ለሚያስፈልገው ሰዓት እየቆጠብኩ ነው» አለኝ።

ሳልፍ አበባ ሻጩን ደጁ ላይ አገኘሁት። ሰው ሳይነግረው ልንገረው ብዬ ቆምኩ። «እነዚያ ሁለቱ ጎድጓዳዎች የአያቴ አይደሉም፤ ሁለት ክረምት ነው ዕድሜያቸው፤ እኔ ነኝ የሠራኋቸው» አልኩት። ረዥም ጊዜ አየኝ። «በሁለት ክረምት?» አለ። አበባውን ውሃ ማርከፍከፍ ቀጠለ። ይቁረጥ ይቀጥል አላውቅም። ግን አልኩት።

ለሚያነቡት ሰዎች፦ ከሽበቱ ሥር ሲሚንቶው ገና ነጭ ነው። ቢላ ይዛችሁ ኑ፤ ከታች በሁለተኛው ረድፍ፣ በሰሜኑ ጎን ፋቁት። ብዙ አትፋቁ። የዘራሁት እኔ ነኝ፤ መልሶ ለመያዝ አንድ ክረምት ይፈጅበታል።

ጸሐፊው ገባ። ቀለሙንና የጣት ማኖሪያውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሰናዳ አያለሁ። ወደኔ ሲገፋው እስክሪብቶ ስጠኝ እለዋለሁ።

አንተ ታናሼ። ይህን ደብተር ይሰጡሃል፤ አይቀርም። በሰው ፊት አንብብ ይሉህ ይሆናል። ስለኔ የማታውቀው ብዙ አለበት፤ ስላንተም አለበት። ልጅ ሳለህ ኩራዙን የያዝኩልህ እንድታነብ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ያነበብክልኝ አንተ ነህ። ይህን የመጨረሻውንም አንብብልኝ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

አሁን ግን ሳትዘል አንብብ።